«አይሆንም» ያጣው አልበም

ሕልም የሌሊት ነው ያለው ማን ነው? እኔ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ እንዳፈጠጠች፣ ቁጭ ባልኩበት አየሁ። በሕልሜ ሜታል የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ የሚጫወት የአንድ የጃፓን ባንድ አልበም ሊቀዳ ነው፤ አገር ምድሩ ሲፈልገው የከረመው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስሜ ደምመላሽ ነው። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ተሳስተዋል፤ እንኳን ደም ክፉ ቃል መልሼ አላውቅም። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቁኝን ሁሉ «እሺ» ስል ኖሬያለሁ።

ስቱዲዮው ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ነበር። ከበሮው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከበሮ መቺውን ይደልቀዋል። ጊታሩ የባለቤቱን ጆሮ እየጠመዘዘ ይቃኘዋል፤ ሰውየውም «ትንሽ ላላ አድርገኝ» ይላል። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫ ያጠለቀ አህያ ነው። ጎረቤቶች በር ላይ ተሰልፈው «ኧረ እባካችሁ ጩኸቱ አነሰን፣ ልጆቻችን መተኛት አቃታቸው» እያሉ ያመለክታሉ።

ዘፋኟ ቺዮ የምትባል፣ ፀጉሯ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የወረደ ቀጭን ሴት ናት። ወደ ኋላ እጥፍ ብላ እጅ ነሳችኝ፤ እዚያ አገር እጅ የሚነሣው ወደ ኋላ ነው።

«አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። «አልበሙ አልቋል። ሽፋኑ ታትሟል፣ አድናቂዎቹ አልቅሰውበታል፣ ዘፈኖቹን ሕዝቡ በቃሉ ይዟቸዋል። የቀረን መቅዳት ብቻ ነው። ስምንቱን ቀዳን፤ ዘጠነኛው ላይ አንድ ቃል አቃተን።»

«ምን የሚል ቃል?»

አፍራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «‹አይሆንም› የሚል።»

«ታዲያ ለምን አትሉትም?»

«እኛ ዘንድ ፊት ለፊት እንዲህ አይባልም። ‹እስቲ እናስብበት› ነው የምንለው። እሱ ደግሞ ከከበሮው ጋር አይሄድም።»

«እኛም ያው ‹እሺ፣ ነገ› ነው የምንለው» አልኳት።

«እሱን እናውቃለን» አለ አህያው። «ግን ስድሳ ሁለት ዓመት ያልተነካ ‹አይሆንም› ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተቀዳ ባንዱ ይፈርስና አራቱም አባላቱ የእሹሩሩ ዘፋኝ ሆነው ይመደባሉ።»

ከበሮ መቺው ይህን ሲሰማ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። አንጀቴን በላኝና ማይክራፎኑ ፊት ቆምኩ። አህያው ቃሉን ከአፌ ሊያወጣ ይጠይቀኝ ጀመር።

«የዕድሩን ዳኝነት ለአምስተኛ ጊዜ ይይዙልናል?»

«እሺ።»

«አዲሱን ኮትዎን ለአንድ ለማያውቁት ሚዜ ያውሱልናል?»

«እሺ።»

«ዘጠኙንም ልጆቼን ክርስትና ያነሡልኛል?»

«እሺ፣ በደስታ።»

አህያው ማዳመጫውን አውልቆ በረጅሙ ተነፈሰ። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሮጠ ስድስት ሊሞላ ነው። ቺዮ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«አባባ፣ እኔ እሹሩሩ አልችልም» አለች። «ሕፃናቱን አስደነግጣለሁ።»

ያን ጊዜ ከሆዴ አንድ ነገር ተነሣ። አውሼው ያልተመለሰ ኮት፣ ጠግቤ የጎረስኩት ጉርሻ፣ ሳላምንበት ያጨበጨብኩበት ስብሰባ፣ ሁሉም ተግተልትሎ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። አፌን ከፈትኩ።

«አይሆንም! አይሆንም! አይሆንም!»

ከበሮው ሰውየውን ትቶ ራሱን መደለቅ ጀመረ። ጎረቤቶች እልል አሉ። አህያው «ተቀዳ» አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ልድገመው ብዬ ደረቴን ስነፋ ክንዴን ሰው ቆነጠጠኝ።

ዓይኔን ስገልጥ የአቶ ወንድይራድ ሳሎን ውስጥ ነኝ። ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንለምን ለሦስተኛ እሑድ ከመጣነው ሦስት ሽማግሌዎች መሐል፣ ያውም ዋናው ተናጋሪ ሆኜ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ። የቆነጠጠኝ ጓደኛዬ ፊቱ አመድ መስሏል። ለካስ የጮህኩት የልጅቷ አባት አቶ ወንድይራድ ቆመው፣ «መቼም እናንተን የመሰለ ሰው አይመለስምና ልጃችንን ሰጥተናል» እያሉ ሳለ ነው።

አቶ ወንድይራድ ቀስ ብለው ተቀመጡና ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ደምመላሽ» አሉኝ። «እኔም ይህንኑ ልል ፈልጌ፣ ሦስት እሑድ ሙሉ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።»