ካርታውን ያቀለልን ሰሞን

ፎቶ ይከብዳል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፍኖተ ሰላም መሬት ቢሮ ገብቼ ነው ያወቅሁት። ከአውሮፕላን የተነሣ የገበሬ ማሳ ፎቶ፣ በኢንተርኔት በሚከፈት ካርታ ላይ ተጭኖልን ነበር። ያ ፎቶ ሲከፈት፣ እርከን እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው። ከቋሪት ሲነጋጋ የተነሣ ገበሬ አግዳሚው ላይ ያንቀላፋል፤ እኔም አንቀላፋለሁ፤ መብራት ይጠፋል፤ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ደከመኝ። እውነቴን ነው፣ የሰው ማሳ ስጠብቅ አረጀሁ።

ኋላ ከበላይ መመሪያ መጣ፤ ፎቶውን አቅልሉት የሚል። አቀለልነው። ከባዱን ፋይል ጄፔግ ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ፎርማት ቀየርን፣ በትንንሽ ቁራጭም ከፋፈልነው። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ያሉ ተቀራራቢ ቀለሞችን ያይና፣ ለየብቻ ቦታ አልሰጣችሁም ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ ደግሞ አብዝተን ጨመቅነው። መቼስ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ካርታው ግን ወዲያው ወዲያው ይከፈት ጀመር፤ እኔም ተመስገን አልሁ።

በዚያው ሰሞን እማሆይ አንጓች ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ከገበዝ ማርያም መጡ። ትልቁ አያሌው፣ ታናሹ ስመኘው ይባላሉ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ምክንያቱ? በሁለቱ የጤፍ ማሳ መካከል ያለች የሣር ወሰን። አንዱ ገፋኸኝ ሲል፣ ሌላው አንተ ነህ እንጂ ይላል። ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ ካህን ቢገዝት፣ እንቢ አሉ። እማሆይን የጨነቃቸው ቀብራቸው ነው። አንዱ ቃሬዛውን ሲይዝ ሌላው ጥሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በማን ትከሻ ልሄድ ነው አሉኝ።

ካርታውን ከፈትሁላቸው። ያችን የሣር መስመር ብፈልጋት የለችም። ተጨምቃ ጠፍታለች፤ ዳር እስከ ዳር አንድ አረንጓዴ። እማሆይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩና እልልታቸውን አቀለጡት። ከሰማይ ሲታይ ወሰን የለውም፣ እግዜርስ ከዚያው አይደል የሚያየው፣ እያሉ። ባለጉዳዩ ሁሉ ተሰበሰበ።

«እማሆይ፣ ይኼ እኮ ፎቶውን ስላቀለልነው ነው» ብላቸው፣

«እሰይ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ! ስንት ሽማግሌ ማቅለል ያቃተውን!» አሉኝ።

ስመኘው የወንድሙን ጉልበት ሊስም ወደቀ። አያሌው ቀና አድርጎ አቀፈው። እኔም ከዚያ ወዲያ አፌን ያዝሁ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምን ያደርጋል፣ ከርሞ ቀላልም ጥርት ያለም ሌላ ፎርማት መጣ። አያሌው ወደ ቡሬ ገበያ ሲያልፍ ብቅ አለ። ይዞታውን እንዲያረጋግጥልኝ ብዬ ብከፍተው፣ ወሰኗ ቁልጭ ብላ ወጣች። መካከሏ ላይ ወደ እሱ ማሳ ጎበጥ ብላ ገብታለች። ለካ ስመኘው ገፋኝ ያለው እውነቱን ነበር! አያሌው ጎባጣዋን በጣቱ ተከተላት። ኧረ ምነው እጄን በሰበረው አልሁ በሆዴ።

«ዝጋው ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይኼን እናቴን ከቀበርን በኋላ ታሳየኛለህ።»