ጋን የሚያዳምጡት ጋሽ ባንተአምላክ

በዚያ ዓመት ጥር ሲገባ ብርዱ ከጭላሎ ወርዶ አሰላ ላይ ተኛ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ አሻሮ ይቆላል፤ መንገዱ በሙሉ የተቆላ ገብስ ይሸታል። ለሌላው ሰው ይህ የደስታ ሽታ ነው። እኔን ግን ያስጨንቀኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ጠላ የጠመቀ ሰው ያውቀዋል። ጋኑ ተከፍቶ እስኪቀመስ ድረስ እህል አይወርድም።

በየሰፈሩ ደግሞ የራሳችሁ ጭንቀት አይበቃችሁም ብሎ የሱን ጨምሮ ይዞላችሁ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ስትሠሩ፣ ልጅ ስትድሩ፣ ተዝካር ስታወጡ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጥርጣሬ ይዞ ነው። እናንተም ሰፈር አለ፤ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው። የኛው ጋሽ ባንተአምላክ ይባላሉ። እኛ ከኋላቸው ሊቀ ጋን እንላቸዋለን።

ሊቀ ጋን ድግስ ያለበትን ቤት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ፣ የጋኑ አፍ ከታሰረ በኋላ ከተፍ ይላሉ። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ እሺ አይሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለቤቱ ሰው ያስይዙና በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ቀኝ ጆሯቸውን የጋኑ ሆድ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቤተሰቡ ይከባቸዋል። እየፈላ ያለ ጠላ ውስጡ ይንሿሿል፤ ሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ያንን ነው፤ ብርድ የመታው ጠላ መፍላቱን ትቶ ዝም ይላል። ከዚያ ቀና ይላሉ። በሽተኛው እንደሞተበት ሐኪም ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ይቀበላሉ።

«ዝም ብሏል» ይላሉ።

ባለቤቱ ኦሮሞ ከሆነ ሐዘኑ እንዳይጎድልበት «ጨል ጄዼራ» ብለው በቋንቋው ይደግሙለታል። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ዝም ብሏል» ይሉና ይሄዳሉ።

ጎረቤታችን እንደሻው የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ ሲል ይህን ሰምቶ ጋኖቹን እንዲሞቃቸው መኝታ ክፍል አስገባ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ማድ ቤት አስተኛ። እስከ ዛሬ ለጋን አልጋ የለቀቀ እየተባለ ይቀለድበታል።

ዕዝራ የሚባለው ጎረምሳ ደግሞ አዲስ አበባ የቢራ ጠመቃ ተምሮ መጥቶ፣ ከከፈተው ምግብ ቤት ጀርባ በአርሲ ገብስ የራሱን ቢራ መጥመቅ ጀመረ። በሚያብረቀርቅ የብረት በርሜል፣ በሙቀት መለኪያ። ድንኳን ተክሎ ሰፈሩን ሁሉ ሊያስቀምስ ሽር ጉድ ሲል ሊቀ ጋን ደረሱ። በርሜሉን አቅፈው አዳመጡትና ያንኑ ፈረዱ። ዕዝራ ሳቀ፤ ይሄ እኮ ማሽን ነው፣ ሙቀቱን ራሱ ይናገራል አላቸው።

«ማሽኑማ ይናገር ይሆናል» አሉት። «ቢራው ነው ዝም ያለው።»

ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ በርሜሉ የዕዝራን እናት ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል። በድንኳኑ ቀን ቢራው አማረለት። ሊቀ ጋን ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲቀበሉ፣ ያዳነው ብርድ ልብሱ ነው ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ።

ባለሱቋ ፈይሩዛ እንኳ አልቀረላትም። ለዒድ ያዘጋጀችውን የማር ብርዝ ማሰሮ አዳምጠው ዝም ብሏል አሏት። «አልሐምዱሊላህ ጋሼ» አለቻቸው፤ «ተናግሮ ቢሆን ነበር የምደፋው።»

በመጨረሻ ወደ እኔም ቤት መጡ።

የልጅ ልጄ የኤፍራታ ሰርግ ነበር። እናቷ ሐመልማል ጠላ ምን ያደርጋል ባይ ናት፤ ቢራ በሳጥን ይመጣል፣ እንግዳም የለመደው እሱን ነው። ስንት ተለማምጬ አንድ ጋን ተፈቀደልኝ። ያውም ቁርጡን ነግራኝ ነው። «እማዬ፣ ከአርቦዬ በሚመጡት የሙሽራው ወገኖች ፊት እንዳታሳፍሪኝ። ይሄ ከተበላሸ ጋኑ ላይ አበባ እተክልበታለሁ። አንቺም ከእንግዲህ አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

አርፎ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያረጀች ሴት ታውቀዋለች። ጋኑን በወይራ ደጋግሜ አጠንኩት። ጌሾው በዛ፣ አይ አነሰ፣ አሻሮው አረረብኝ እያልኩ ደፈደፍኩ። ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ጆሮዬን ባስጠጋ ይንሿሿል። እፎይ ልል ስል በሩ ተንኳኳ። ሊቀ ጋን ናቸው። ሐመልማል ስልኳን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

ባርኔጣቸውን አስያዙኝ። ተንበረከኩ።

«ዝም ብሏል» አሉ።

ሐመልማል አልተቆጣችም። ስልኳ ላይ የቢራ አከፋፋዩን ቁጥር መፈለግ ጀመረች፤ ቁጣው ይሻለኝ ነበር። ሊቀ ጋን ጉልበታቸውን ሲያራግፉ በቀኛቸው ተጠግቼ፣ አሁን እኔ ስሰማው ይንሿሿ ነበር እኮ አልኳቸው። ዞርም አላሉ። ደገምኩት። ከሱሪያቸው ላይ ዱቄት ይለቅማሉ። በግራቸው ዞሬ ያንኑ ሳንሾካሹክ ግን፣ «ምን አልሽኝ አሰፋች?» አሉ።

ያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ትዝ አለኝ። ጋሽ ባንተአምላክ በጉልበታቸው ዘመን እህል ፈጪ ነበሩ፤ ሞተሩ በቀኛቸው እየጮኸ ነው ያረጁት። ያ ጆሮ መቼ እንደሞተ ማን ያውቃል። ቀስ በቀስ የሄደ ነገር ለባለቤቱም አይታወቅም። የአሰላ ጋን ሁሉ ዝም ያለባቸው ለካ በዚህ ነው።

ሐመልማል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። እውነቱን ብናገር ጠላዬ ይድናል። እሳቸውስ? ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ቤርሳቤህ ጎበሳ ከተማ ተድራለች። ከዚያ ቀን በኋላ የማንን በር ያንኳኳሉ? ባርኔጣቸው እጄ ላይ ላብ በላብ ሆነ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ሐመልማልም እንድትሰማ ጮክ ብዬ፤ «ይሄ ጋን ወደ ግራ ያጋደለ ነው። በግራ ጆሮ ካልሰሙት አይናገርም።»

እንዲህ ያለ ጋን በዓለም ላይ የለም። ሊቀ ጋን ግን በጋን ጉዳይ የማያውቁት ነገር እንዳለ ማሳየት አይወዱም። መጋደሉንማ ስገባም አይቼዋለሁ ብለው እንደገና ተንበረከኩ፤ ግራ ጆሯቸውን ለጠፉ።

ዓይናቸውን መጨፈን ረሱ። እጃቸው የጋኑን ሆድ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚዳሰስ፣ ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«ይናገራል» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሐመልማል ስልኩን ዘጋችው። የአርቦዬ ሰዎችም በሰርጉ ቀን ጋኑን እስከ አተላው ጠጡት፤ አበባ አልተተከለበትም።

ያን ጠዋት ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆሙ። ምን አገባኝ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ።

«አሰፋች» አሉኝ፤ «የሌሎቹስ ጋን? እነሱም ያጋደሉ ነበሩ እንዴ?»

«የለም ጋሼ» አልኳቸው። «የነሱማ ቀጥ ያሉ ናቸው።»

ማመናቸውን እንጃ። በሚቀጥለው ሰርግ ቤት ግን ቀኝ ጆሯቸውን ሲለጥፉ አየሁ። ዝም ብሏል አሉ፤ ቤቱ ተተራመሰ፤ ብርድ ልብስ መጣ፣ ከሰል ተቀጣጠለ። እሳቸው በኖሩበት ሰፈር የአንድም ሰው ጠላ በብርድ እንዳልተበላሸ ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

ዘንድሮም በጥር ደፍድፌያለሁ። ጠዋት አዳመጥኩት፤ ይንሿሿል። ቢሆንም በር የሚያንኳኳ ሰው ሲጠፋ ጭንቀቱ ባሰብኝ። ጋቢዬን አውልቄ ጋኑን አለበስኩትና፣ ሐመልማል እንዳትሰማኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ዝም ብሏል አልኩ።

ጋሽ ባንተአምላክ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጎበሳ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ልጃቸው ቤርሳቤህ ቤት ናቸው።