ጂፓችን በሬ የሆነችበት ዕለት

ሚስት ለመጠየቅ በማኪና የሚሄድ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ጎንደሬ ነው! አትቆጡኝ፣ እኔም ጎንደሬ ነኝ። በቅሎ እያለ፣ እግር እያለ፣ በሰኔ ጭቃ ጂፕ ተማምኖ ሽማግሌ መላክ ምን ይሉታል? እኔ ግን ላክሁ። መላክ ብቻ መሰላችሁ? ነድቼም የወሰድኳቸው ራሴ ነኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺ የምትባል የጭልጋ ልጅ አዘዞ አክስቷ ዘንድ መጥታ ባያት ልቤ ጥሎኝ ሄደ። አባቷን አያ አድማሱን በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም። ሌላ ወገንም ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ ስሰማ... እህል አልወርድ አለኝ። አለቃዬን ለምኜ የመሥሪያ ቤቱን ጂፕ ተዋስኩና በሰኔ ሚካኤል ቅዳሴ እንዳበቃ የነፍስ አባቴን አባ ተክሌንና አጎቴን አያ ንጉሤን ጭኜ ገሰገስኩ። በወጉ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ቤቱ ይቀመጣል። እኔ ግን "ሾፌር ነኝ" ብዬ ልደበቅ አስቤያለሁ፤ ብልጠቴን አያችሁልኝ!

ጭልጋ መዳረሻ አንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ አጎቴ "ወርደን በእግር እንሻገር" አሉ።

"ምነው አጎቴ! ይቺ እኮ ተራራ የምትወጣ ናት!" አልኩና ነዳኋት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እንኳን መልቀሚያ መቆሚያም አጣሁ። መሃል ላይ ቁጭ! ወደ ፊት ስላት ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ስላት ወደ ታች... አባ ተክሌ ካባቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ ቆሙ። ከላይ አገር ሰማዩ ጠቁሯል። ደራሽ ውሃ ቢመጣ ጂፗም ሽማግሌውም የሺም በአንድ ቀን ሊሄዱብኝ ነው።

ማዶ አንድ ገበሬ ነጭ ጋቢ ተከናንበው ያዩናል።

"አያ! ጥማድህን አምጣልን!" ብለው ጮሁ አጎቴ።

"ምነው? ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ? በሚካኤል በሬ አልጠምድም።"

"ለመጎተት ነው እንጂ ለእርሻ አይደለም!"

"ቀንበር ያው ቀንበር ነው።"

ሁላችንም ወደ አባ ተክሌ ዞርን። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በሰንበት ቀን በሬ ጉድጓድ ቢገባ ይወጣል" አሉ።

"ይወጣል። በሬው የታለ?"

"ይቺው!"

ገበሬው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወንዙ ገቡና ጂፗን ዞረው አዩዋት። "ታጓራለች?"

ነዳጅ ሰጠኋት፤ አጓራች።

"ቀንድስ?"

"ጎዳ ናት!" አሉ አባ፣ ሳያፍሩ። ቀንድ የሌላት መሆኑ ነው።

"እበትስ ትጥላለች?"

ይህን ጊዜ ደንግጬ ነዳጁን ረገጥኩት። የኋላው ጎማ አንድ ቁና ጭቃ ያን ነጭ ጋቢ ላይ ለጠፈው።

"በቃ! በቃ! አምኛለሁ!"

በሬዎቹ መጡ፣ ጠፍሩ ታሰረ፣ እኔም ከኋላ ስገፋ በፊቴ ተደፋሁ፤ ግን ወጣች! ገበሬው ጋቢያቸውን እየጨመቁ "ወዴት ነበር መንገዳችሁ?" አሉን።

"አያ አድማሱ ዘንድ። ልጃቸውን ለአንድ አስተዋይ ልጃችን ልንጠይቅ።"

"አድማሱ እኔ ነኝ። አስተዋዩ ይሄ ወንዝ የገባው ነው?"

"ኧረ እርሱ ሾፌሩ ነው!" አሉ አጎቴ።

"የሺ እኮ ጠይም፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ጸሐፊ ነው ብላኛለች። ሾፌር ነው አላለችኝም።"

ነግራቸዋለች! የኔ የሺ ነግራቸዋለች! ደስታዬ ጭቃውን አስረሳኝ፤ በፍንጭት ጥርሴ ሳቅሁና ተያዝኩ።

"ሸጋ" አሉ አያ አድማሱ። "እኔ ለልጄ ጎጆ መውጫ አንድ በሬ አወጣለሁ። የወንዱ ወገንስ?"

"እኛም አንድ በሬ!" አሉ አጎቴ ፈጥነው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል!

"እንግዲያ ተጨርሷል፤ በሬያችሁ ይቺው።"

"ኧረ ይቺስ ማኪና ናት!" አልኩ።

"ማኪና ናት? በሚካኤል በሬ አስጠመዳችሁኛላ! አባ፣ የዚህን ንስሐ ማን ሊገባው ነው?"

አባ ተክሌ ሰማዩን አዩ፣ ጂፗን አዩ፣ እኔን ግን አላዩኝም። "በሬ ናት" አሉ።

"አባ!"

"ዝም በል! ብያለሁ፣ በሬ ናት!"

ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። በሬው ግን እርሻ ስለደረሰ ዛሬውኑ ይግባ ተባለ። አያ አድማሱ ጂፗን ዋርካ ሥር በጠፍር አስረው ፊቷ ጭድ ሲበትኑላት፣ እኛ በእግራችን ወደ ጎንደር አዘገምን። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ገና ከበር ሲያዩኝ፦

"ጂፓችንስ?" አሉ።

"ጌታዬ" አልኳቸው፣ "እኔ ገና ለጥር ነኝ። እርሷ ግን ተድራለች።"