ሥራ ጠቋሚውና እኔ

ጽሕፈት ፈላጊ ያለበትን ቤት እንዲጠቁመኝ ብዬ ዛሬ ለአንድ ደላላ ጠጅ ሳስቀዳ ዋልሁ። ጅል በሉኝ፤ ግን ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር ሽማግሌ ሥራ ሲጠፋበት ምን ያድርግ? እንደኔ ያለ ሰው መቼም ዕድሉን ሌላ ሰው ካላሳየው አያምንም።

ደላላው ብርሌውን ጨልጦ፣ "ይከተሉኝ" አለና ጎንደርን አዙሮ አዙሮ የት ቢያደርሰኝ ጥሩ ነው? ከገዛ ደጄ! ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገር የመጣች ባልቴት ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች።

"ምነው አያ ታከለ፣ የት ጠፉ? ነገ ችሎት አለብኝ። ማመልከቻ ካላስገባሁ መሬቴን ሊነጥቁኝ ነው።"

"እኔማ አንችን ፍለጋ ሄጄ!"

"እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እየጠበሰኝ እዚሁ ነበርሁ" ብላ ሳቀች።

ሸጋ አድርጌ ጻፍሁላት፤ ዋጋም አልተቀበልሁ። እኔን ስትጠብቅ ደጄ ላይ የሞቀችው ፀሐይ ግን ዕዳዬ ነው።