የዝግ ቅል መምህር ቅጥር

ተረት መጥታለችና ጠጋ ጠጋ በሉላት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዛፉ ከዛፍ በሚተቃቀፍበት ጫካ ውስጥ፣ እንስሳት ዩኒቨርሲቲ ከፍተው ይኖሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የተሠራው በየክረምቱ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደተሠራ የሚያውቅ የለም፤ የወሰነው ኮሚቴ ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ የከበደው የዝግ ቅል ስሌት ነበር። ከወንዝ ማዶ ያሉት «ኳንተም» ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅል ውስጥ ብዙ መንገድ ይቀረጻል፣ እያንዳንዱ መንገድ ለጥያቄው አንድ መልስ ነው፤ አንዲት ንብ ትገባበትና አፉ በውታፍ ይዘጋል። ማንም እስካላያት ድረስ ንቧ ሁሉንም መንገድ ባንድ ጊዜ ትሄዳለች። ጊዜዋን ጠብቆ የከፈተ በትክክለኛው መንገድ ላይ ቆማ ያገኛታል። ቀድሞ የከፈተ ግን አንድ ጥግ ቁጭ ያለች ተራ ንብ ያያል፤ ስሌቱም ገደል ይገባል።

ይህን ያስተምር የነበረው አቶ ፍልፈል ነው። በመጋቢት ሞተ። ለሚስቱ የተወላት አንድ ዝግ ቅል ብቻ ነበር፤ «ጎርፍ የማይደርስበት ጉድጓድ የቱ ጋ ይቆፈር?» ብሎ ጠይቆበት ሳይከፍተው የቀረ ቅል። ወይዘሮ ፍልፈል ዓይኗ ድሮም ደካማ ነው፤ ጆሮዋን ግን ስታስጠጋው ውስጡ ጥዝዝ ይላል። ጥዝዝታውን ስትሰማ ባሏ ጓዳ ውስጥ ሥራ ይዞ የተቀመጠ ይመስላታል።

በዚያ ጫካ ወግ የሟች ወንበር እስኪሞላ ድረስ ከቤተሰቡ አንዱ በቅጥር ኮሚቴ ይቀመጣል። ስለዚህ ሐዘኗን ሳትጨርስ ሄደች። ወንበሩን የሚወርሰው ቅሉንም እንደሚወርስ ታውቃለች። የፈለገችውም አንድ ነገር ነው፤ እጁ የማይቸኩል መምህር።

ሰብሳቢው አቶ ከርከሮ ነበር። «እኔ የዝግ ቅል ስሌት ከነአካቴው አላውቅም» ብሎ ስብሰባውን ከፈተ፤ «ስለዚህ አላዳላም።» ሁሉም አጨበጨቡ። አህያ ቃለ ጉባኤ ያዘ።

በመጀመሪያ የገባችው ጃርት፣ የሟቹ ተማሪ ነበረች። ቅሏን አስቀመጠችና «ስሌቱ እስከ ማታ ይቆያል። እስከዚያ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ መስማት ትችላላችሁ፤ መክፈት ግን የለም» አለች።

«ሳናይ ነጥብ እንዴት እንስጥ?» አለ ከርከሮ።

«መመሪያው ‹ታይቶ ይመዘናል› ነው የሚለው» አለ አህያ። «‹ተሰምቶ› የሚል የለበትም።»

«ኧረ በእናታችሁ፣ አንዴ ጆሯችሁን አስጠጉ» አለች ወይዘሮ ፍልፈል።

«እትዬ፣ እርስዎ ሐዘን ላይ ነዎት፤ ይረፉ» አለና ከርከሮ ውታፉን በክራንቻው ነቀለው። ንቧ አንድ ጥግ ቁጭ ብላለች። አህያ «ንብ ናት» ብሎ ጻፈ።

ጃርት እንደ አዲስ ዘጋችና ጀመረች። ትንሽ ቆይተው ደግመው ከፈቱ። አሁንስ የጃርት እሾህ ቆመ።

«ተዉ ብያለሁ እኮ! ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል እየሰበራችሁ ጫጩቱ የታለ ትላላችሁ?»

አህያ «ጠባይ፦ ትዋጋለች» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ ጉሬዛ ገባ። ጥቁርና ነጭ ካባው ከሩቅ ምሁር ምሁር ይሸታል። ካባው የተወለደበት እንጂ የተመረቀበት አይደለም፤ ግን ማን ጠይቆት?

«ክፈቱት!» አለ ቅሉን ወደ ከርከሮ እየገፋ። «ባሰኛችሁ ሰዓት ክፈቱት! ከእናንተ የምደብቀው ምርምር የለኝም።»

ከፈቱት፤ ባዶ ነው። ዘግተው ከፈቱት፤ አሁንም ባዶ ነው።

«ውጤቱ አይለዋወጥም!» አለ ከርከሮ ተገርሞ። «ያችኛዋ ግን በነካናት ቁጥር ትበላሽ ነበር።»

ወይዘሮ ፍልፈል ጆሮዋን አስጠጋች። ጭር ያለ ነው። «ውስጡ ንብም የለበትም እኮ!»

«እትዬ» አለ ጉሬዛ እጅ ነስቶ፣ «ሁሉንም ቦታ ስለያዘች ነው አንድ ቦታ የማትታየው።»

የከርከሮ ዓይን እንባ አቀረረ። ድምፅ ሲሰጥ ከወይዘሮ ፍልፈል በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። «በሉ እትዬ፣ የሟቹን ቅል ለፕሮፌሰሩ ያስረክቡ» አሏት።

ቤቷ ሄደች። ሽንኩርት የምታኖርበትን አሮጌ ቅል አራግፋ ዘጋችውና አምጥታ ለጉሬዛ አስረከበችው። «አደራ፣ ሳይደርስ እንዳይከፈት» አለችው፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። ጉሬዛ እዚያው ነቀለና አፍንጫውን አስገባ። «አስደናቂ ነው!» አለ እያስነጠሰው።

ሰኔ ገባ። ወይዘሮ ፍልፈል ምስጢሩን የነገረቻት ጃርት፣ ቤት የቀረውን የሟቹን ቅል ልታይ መጥታ ጥዝዝታውን አዳመጠች። «እትዬ፣ ደርሷል። ይከፈት።»

«ትንሽ ይቆይ።»

በሌላ ቀንም መጣች። «እትዬ፣ ደመናው ከብዷል።»

«ትንሽ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ቅሉ ከተከፈተ ጥዝዝታው አይኖርም፤ ጃርትም ይህን ስለምታውቅ አፏን ሞልታ መናገር አልቻለችም። አንድ ጠዋት ግን እየሮጠች መጣች። «የልጆቼ ጉድጓድ ውኃ ገባው!»

ወይዘሮ ፍልፈል ቅሉን አቀፈችው። ጆሮዋን አስጠግታ ትንሽ ቆየችና የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። ጃርት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ውታፉ ተነቀለ።

ንቧ ወደ ኮረብታው ጀርባ በሚያወጣው መንገድ ላይ ቆማለች። ወደ ቅሉ አፍ ወጣች፣ ክንፏን አራገፈች፣ በረረች። ቤቱ ጭር አለ። ሁለቱ የጃርትን ልጆች ይዘው ወደ ኮረብታው ጀርባ ሄደው ቆፈሩ።

ጎርፉ መጥቶ ዩኒቨርሲቲውን ጠራርጎ ወሰደው። ኮሚቴው ጭቃ ተለውሶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአዲሱ ጉድጓድ ደጃፍ ደረሰ። ወይዘሮ ፍልፈልም አስገባቻቸው።

«ፕሮፌሰር ጉሬዛ ደህና ናቸው፤ ዛፍ ላይ ወጥተዋል» አለ ከርከሮ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ቅላቸውማ ጎርፉ ላይ ተንሳፈፈ እንጂ አልሰጠመም! እድገት እንዲሰጣቸው መንገድ ላይ ወስነናል።» ወዲያው ጥግ ላይ የተከፈተውን ቅል አየ። «ቆይ፣ ይሄ የሟቹ አይደለም እንዴ? መልሱ እዚህ እያለ ነው ጎርፉ እንዲህ የተጫወተብን? ምነው እትዬ፣ ያኔ ቢያሳዩን?»

ወይዘሮ ፍልፈል ቅሉን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ማየቱንማ ስታዩ ነበር» አለች። «እኔ ጆሯችሁን አስጠጉ ነው ያልኳችሁ። አሁን ደግሞ ዝም ብሏል።»