በስብሰባ የተመረጠ ጭስ ማውጫ

መካሪ አጥቶ የተቸገረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ገንዘብ ያጣ ሞልቷል፣ ጊዜ ያጣ ሞልቷል፣ እንቅልፍ ያጣም አይጠፋም። ምክር ያጣ ግን የለም። ካላመናችሁኝ ሰው ከበዛበት ቦታ ቁጭ በሉና «ጥርሴን አመመኝ» በሉ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ያዝበት ይላችኋል፣ አንዱ ዛሬውኑ አስነቅለው ይላችኋል፣ ሌላው ደግሞ የታመመው ጥርስህ ሳይሆን ጆሮህ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። የሚገርመው ሦስቱም ጥርሳቸውን ታመው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ በማላውቀው ነገር ገብቼ፣ ያውም በልበ ሙሉነት፣ መክሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው አሶሳ ነው፤ ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አዲስ ክልል ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ቢሮው ተቋቁሟል፣ ወንበር የለውም። ወንበሩ ሲደርስ ቤቱ ለሌላ ቢሮ ተሰጥቷል። ማህተሙ ሳይቀረጽ የማህተሙ ያዥ ተቀጥሮ ደመወዝ ይበላ ነበር። የማይጎድል ነገር ቢኖር ስብሰባ ነው። ሁላችንም ከየአቅጣጫው የመጣን፣ አንዳችን ሌላውን በቅጡ የማናውቅ ሰዎች ስለነበርን ማንም ብቻውን ወስኖ በኋላ ጣት እንዲቀሰርበት አይፈልግም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጋራ ይወሰናል፤ በጋራ የተወሰነ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛ የለውምና። ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ከቢሮ ወጥቶ ቤታችን ገባ። እኔና ሌሎች ላጤ ሠራተኞች በምንኖርበት ግቢ ለምሳ ሽሮ ይሁን ምስር ይሁን የሚለው በእጅ ማውጣት ነበር የሚያልፈው። አትሳቁ፤ አንድ ቀን በድምፀ ተአቅቦ ጾሜን ውያለሁ።

ከግቢያችን ቀጥሎ ያለው የኦቦ ዲንሳ ግቢ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ከወለጋ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን የቡና ነጋዴ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ነጋዴው ቤት አንድ ጊዜ የውጭ አገር መጽሔት አገኙና አንድ ገጽ ቀደው ወሰዱ። በገጹ ላይ አንዲት መኪና አለች፤ ሞተሯ ያለ ክዳን የተራቆተ፣ ጭስ ማውጫዋ በጎኗ የወጣ፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል። ኦቦ ዲንሳ ያንን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ መኪና ሠሩ። ሻንሲው ከጦርነቱ በኋላ መንገድ ዳር ከቀረ ጂፕ የተፈታ ነው፤ ሞተሩ የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ነበር፤ ገላዋ የበርሜል ላሜራ ነው፤ ወንበሮቿ ከአሮጌ አውቶቡስ የመጡ ናቸው። በር የላትም። ቀለሟ ቀይ ነው፤ ቀዩ ስላለቀ ግን ኋላዋ አረንጓዴ ሆኗል።

ባለቤታቸው አዴ አያንቱ ሦስቱን ዓመት በትዕግሥት አሳለፉ። ጎመን የሚተክሉበት ቦታ ላይ ጎማ ተተከለ። ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ቅባት ረግጠው ይገባሉ። ሞተሩ ጠዋት ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ጎረቤት ከተማ ባምባሲ ያለች ታናሽ እህታቸውን ሊጠይቁ በተነሱ ቁጥር ኦቦ ዲንሳ «ቆይ፣ መኪናዋ ትለቅ፣ በራሳችን መኪና እንሄዳለን» እያሉ ያስቀሯቸዋል። በመጨረሻ ሴትየዋ መረራቸውና አንድ ቀን እኔም ባለሁበት ተናገሩ።

«ዲንሳ፣ ስማኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትል ሦስት ዓመት ሆነ። ይህች መኪና በዚህ ወር ባምባሲ ደርሳ ከተመለሰች ትኑር፣ አልናገርም። ካልተመለሰች ግን ብረት ሰብሳቢ ጠርቼ አስጭናታለሁ። ግቢዬን እፈልገዋለሁ።»

አዴ አያንቱ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጭስ ማውጫ።

ጭስ ማውጫ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚያስወጣው ቧንቧ ስፋቱ ስንት ይሁን? በብየዳው ላይ የነበረው ኡስታ ሐሚድ የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፣ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው። ኡስታ የሚባለው ለዚሁ ሙያው ነው። እሱ ሞተሩን አስነሳ፣ መዳፉን ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ «ሁለት ኢንች» አለ። ሁለት ኢንች ቧንቧ ደግሞ እዚያው ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ነበር። በሌላ ዘመን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ግን እንደ ዘመኑ ሰው ጉዳዩ በውይይት እንዲዳብር ፈለጉ። ተሰበሰብን። ሰብሳቢው አቶ ግርማ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ በአንድ ቢሮ የእቅድ ሠራተኛ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ ውኃ የማይጠጣ ሰው። ኦቦ ዲንሳ ባለጉዳይ፣ ኡስታ ሐሚድ ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ ሳይንስ ሆኜ ተገኘሁ። አዴ አያንቱ ሻይ አቅርበው ወደ ጓዳ ገቡ።

«መምህር፣ ሳይንሱ ምን ይላል?» አለ አቶ ግርማ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሳይንሱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጭስ ማውጫ ያስተማረኝ ሰው የለም። ነገር ግን ሰው «መምህር» ብሎ ጠርቶህ ብዕር አዘጋጅቶ ሲጠብቅህ «አላውቅም» ማለት ከባድ ነው። ከሰል አነሳሁና ግድግዳው ላይ ክብ ሳልኩ። የክብ ስፋት አሰላሁ። ባለ ሦስት ኢንቹ ቧንቧ ከባለ ሁለት ኢንቹ ከእጥፍ በላይ ስፋት እንዳለው አረጋገጥኩ። ይህ ትክክል ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ቀጠልኩና «እንግዲህ ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ሞተሩ በነፃነት ይተነፍሳል» አልኩ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኡስታ ሐሚድ ራሱን ነቀነቀ። «መምህር፣ ወላሂ እንደዚህ አይደለም። ይሄ ሞተር ትንሽ ነው። ጭስ ሰፊ ቤት ካገኘ ይቀመጣል። ጠባብ ከሆነ ይሮጣል። ጭስ ሲሮጥ መኪና ይሮጣል። ባለ ሦስት ከሆነ ድምፅ ብቻ ነው፣ ጉልበት የለም።»

«ድምፁስ ትልቅ ይሆናል?» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያለችውን መኪና እያየ።

«ድምፅማ ኩርሙክ፣ ሱዳን ድንበር ድረስ ይሰማል።»

እዚህ ላይ የኦቦ ዲንሳ ፊት በራ። የሰውን ልብ ማየት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ባለ ሦስት ኢንቹ ያኔውኑ እንደተመረጠ ባየን ነበር። አቶ ግርማ ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ አለና «ጓዶች፣ ክልላችን አዲስ ነው፤ አነስ አድርገን ማሰብ የለብንም» አለ። አጨበጨብን። እጅ ወጣ። ሦስት ለአንድ። ኡስታ ሐሚድ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝለት ይፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። «እኔ በያጅ ነኝ፤ ያላችሁትን እበይዳለሁ» አለና ወጣ።

ባለ ሦስት ኢንች ቧንቧ አሶሳ አልተገኘም። በኩርሙክ በኩል የሚመላለስ ነጋዴ ያመጣልን ዘንድ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቅዳሜ ሲቀረው ቧንቧው መጣ፣ ተበየደ፣ በመኪናዋ ጎን እንደ ሥዕሉ ወጣ። ድምፅ ማፈኛውን፣ ጋራዦች ማርሚታ የሚሉትን፣ ኦቦ ዲንሳ አልፈልግም አሉ። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለው ጠፉ። ሁለቱ በዚያው ቀርተዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ማን ማን ሄደ ብትሉ፣ ኮሚቴው። ውሳኔው የጋራ ስለሆነ ጉዞውም የጋራ መሆን አለበት ተባለ። ኦቦ ዲንሳ ነጂ፣ አቶ ግርማ ፊት፣ እኔና ኡስታ ሐሚድ ከኋላ። አዴ አያንቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር። ለምን እንደ መንገደኛ አጣፍተው እንደቆሙ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ቦታ ሞልቷል። አሶሳ ግን ነቅላ ወጣች፤ መስጊዱ ጋ፣ ገበያው ጋ፣ ቢሮዎቹ ጋ ሰው ተሰልፎ እልል አለልን። እኔም እንደ ሹም እጄን አወዛወዝኩ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ ዳገት አለ። ትልቅ ዳገት አይደለም፤ አህያ እየዘፈነች የምትወጣው ዓይነት ነው። መኪናዋ ግማሹ ላይ ስትደርስ ድምፁ ሰማይ እየሰነጠቀ ፍጥነቷ እየቀነሰ መጣ፣ ቀጥ አለች። ወደ ኋላ ተንሸራተን እንደገና ሞከርን። ቀጥ አለች። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ኡስታ ሐሚድ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ፤ ከስድብ በላይ አሳፈረኝ።

መንገድ ዳር ማንጎ ሥር ተቀመጥን። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ታስወስዳታለች። አያንቱ ታስወስዳታለች» ይላሉ። ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አንጀቴን በሉት። ያን ጊዜ አቶ ግርማ ጉሮሮውን ጠረገና «እስቲ በረጋ መንፈስ እንየው፤ ባምባሲ መድረስ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ። እንደ እሱ አባባል ጉዞው በባምባሲ አቅጣጫ ተካሂዷል፤ መኪናዋ ትመለሳለች፤ በመሠረቱ እቅዱ ተፈጽሟል። ከባምባሲ የምንመለስበት ሰዓት እስኪደርስ ብቻ መጠበቅ ነው። እጅ ወጣ። አሁንም ሦስት ለአንድ። ኡስታ ሐሚድ «እኔ ብረት እንጂ ውሸት አልበይድም» ብሎ በእግሩ፣ በማሳው መሐል አቋርጦ፣ ወደ አሶሳ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናዋን አዙረን ቁልቁል ለቀቅናት። ገና ከዳገቱ ሥር ሳንደርስ ከተማው ሰምቶን ወጣ። አቀባበሉ ከሽኝቱ በለጠ። «ባምባሲ ደርሰው መጡ!» ይባላል። አንድ ሽማግሌ አቀፉኝ፤ እኔም እቅፋቸውን ተቀበልኩ። ታዲያ ምን ላድርግ?

አዴ አያንቱ በሩ ላይ ነበሩ። ኦቦ ዲንሳ ዘለው ወረዱ።

«ደረስን እኮ፣ አያንቱ! እህትሽም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች።»

አዴ አያንቱ ባላቸውን አዩ፣ አቶ ግርማን አዩ፣ እኔን ግን ረዘም አድርገው አዩኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የሚሄድ መኪና ድምፁ እያነሰ እያነሰ ነው የሚጠፋው። የናንተ አላነሰም። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ስትመጡም የጀመረው ከዚያው ከዳገቱ ነው። ሦስት ዓመት ይሄን ሞተር ስሰማ ኖሬ ሲከብደውና ሲቀለው አላውቅም? እህቴን ደግሞ ለምን ጨመርካት፣ ዲንሳ?»

መሬት ብትከፈት ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርኩ። ከተማው ሁሉ ያጨበጨበለት ያ የእኛ ድምፅ ለእሳቸው አንድ በአንድ ሲያሳብቅብን ነው የዋለው። ኦቦ ዲንሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ብረት ሰብሳቢውን ጥሪው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዴ አያንቱ መኪናዋን ዞረው አዩ። «ወሩ አላለቀም፤ አንድ ቅዳሜ አለ። ሐሚድ ያላትን ሁለት ኢንች አድርጉላት። ማርሚታውንም አግቡላት። ሰውም ሁለት ብቻ ይሂድባት» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለቱ ባልና ሚስት ባምባሲ ሄደው፣ እህትየዋ ቤት ውለው፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ይህን የማውቀው አብሬ ሄጄ አይደለም፤ ማታ አዴ አያንቱ ከእህታቸው የተላከ ሙዝ ስለሰጡኝ ነው። ሲወጡም ሲገቡም ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ቀና አላልኩም።

ዛሬም አሶሳ ስሄድ የያቺ መኪና ነገር ይነሳል። ባምባሲ የደረሰችበት ቀን እንዴት እንደተጮኸ፣ ዶሮዎቹ እንዴት እንደጠፉ፣ እኔ እንዴት እጄን እንዳወዛወዝኩ ይወራል። አቶ ግርማም በቃለ ጉባኤ አስፍሮታል። «ኧረ ያ ቀን አይደለም፤ የደረሰችው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው» እላለሁ።

«ተው እንጂ መምህር» ይሉኛል፣ «በዚያ ቅዳሜ እኮ ምንም አልሰማንም።»