ኤልደን ሳይለኩ አያምኑም

የተኩስ ክበብ ባለበት የነብራስካ ከተማ ሁሉ የጥይት ዘር የሚቆጥር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛው ክቡር ኤልደን ክራብትሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትራክተር መካኒክ፣ የአሮጌ ሽጉጥ ጥይት ሊቅ፣ የውፍረት መለኪያ ካሊፐራቸውን ትራስ ሥር አድርገው የሚተኙ ሰው።

«ስሙን ተወው፣ ወገቡን ለካው!» ይላሉ። ሠላሳ ስምንት የሚባለው ጥይት ሲለካ ሠላሳ ስምንት እንደማይሆን ለማያውቅ ሰው ከልብ ያዝናሉ፤ ምሳው እስኪቀዘቅዝም ያስረዱታል። አንድ እሁድ የቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ ከጠረጴዛ ሥር ቢጫ ነሐስ አገኙ። አጉሊ መነጽር አወጡ፣ ለኩ፣ ላብ በላብ ሆኑ። «አውሮፓዊ ነው፤ በሁለቱ ጦርነቶች መሃል የተሠራ» ብለው ፈረዱ። የፓስተሩ ሚስት መጥተው ተቀበሏቸውና ክዳኑን ከፍተው ከንፈራቸውን ቀቡ። ኤልደን ግን እስከ ዛሬ «እኔ ስለ ቀለሁ እንጂ ስለ ውስጡ ምን አልኩ?» ይላሉ።

እንግዲህ አክስቴ ኦርፋ ያመነችው ይህን ሰው ነው። ሰማንያ ዓመት በሚሞላት ቅዳሜ የሟች ባሏን ሽጉጥ አንዴ ልተኩስ ብላ ቆርጣ ነበር። ባሏ በሕይወቱ ሳለ «ነገ አስተኩስሻለሁ» እያለ አርባ ዓመት አቆይቷታል። የሽጉጡ ጥይት መሠራት ካቆመ ቆይቷል። የተወላት አንድ ቆርቆሮ ጥይት ደግሞ ከየዓይነቱ የተደባለቀ ነው።

«ከእነዚህ የገባውን እንሞክር» አልኩ፣ ሞኝ ነኝና።

ኤልደን ቆርቆሮውን ነጠቁኝ። «አንተ ልጅ፣ አክስትህን ልታፈነዳት ነው? የገባ ሁሉ ልኩ ነው እንዴ? ያንተ ሱሪ እኔም እግር ላይ ይገባል፤ ጉዱ ስቀመጥ ነው!»

ሽጉጡን ይዘው ሄዱና ሰባት ሳምንት ጠፉ። የጥይት ማስገቢያውን ቅርጽ በሰም አነሱ፣ ረጅም ቀለህ ቆርጠው አሳጠሩ፣ እርሳስ አቀለጡ፣ ባሩድ መዘኑ። ስደውልላቸው «ወገቡ ገና ነው!» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። በልደቷ ዋዜማ ዓርብ ተስፋ ቆረጥኩና በሽጉጥ ቅርጽ ኬክ አዘዝኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ኤልደን ከረባት አስረው ከባለቤታቸው ከሎይስ ጋር ክበቡ ደረሱ። በጥጥ የተጠቀለሉ አምስት ጥይቶች ለኦርፋ ሰጧት።

«ጋሽ ኤልደን፣ ሽጉጡ እኮ ስድስት ይጎርሳል» አልኩ፣ ብሽቀቴን ለመወጣት። «መለካት እንጂ መቁጠር አይችሉም?»

ኤልደን ጫማቸውን አዩ። የመለሰችልኝ ሎይስ ናት። «ስድስተኛውንማ ትናንት ጎተራው ጀርባ ሞከረው። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ደፍቶ፣ ሦስት ካፖርት ደርቦ፣ ጸልዮ! ‹ሽጉጡን ግንድ ላይ አስረህ በገመድ ሳበው እንጂ› ስለው፣ ‹ኦርፋ በእጇ አይደል የምትይዘው?› አለኝ።»

ኦርፋ አራቱን ተኮሰች፤ በእያንዳንዱ ድምፅ እንደ ልጃገረድ ትጮህ ነበር። አምስተኛው ሲቀር ሽጉጡን ለኤልደን አቀበለቻቸው።

«እስቲ ያለ ሄልሜት» አለች፣ ክንዳቸውን ይዛ። «እኔ አጠገብህ ነኝ።»

ኤልደን ተኮሱ። ኢላማውን በሰፊው ሳቱት። እኔ ግን እንደዚያን ቀን አጨብጭቤ አላውቅም፤ ለካ እኚህን ሰውዬ እወዳቸው ኖሯል።